የካውንስል በጀት ሲቀነስ የሚቀረውና የማይቀረው

እንግሊዝ አገር ካሉ ወገኖቻችን ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ አለ፦ «ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) በጀት ቀንሷል፤ ከቤት ብወጣ አይረዳኝም ማለት ነው?» አይደለም። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይደባለቃሉ።

አንዱ የሕግ ግዴታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው ሕግ መሠረት፣ በ56 ቀን ውስጥ ቤት አልባ ሊሆን የሚችል ሰው ሲያመለክት ካውንስሉ ሁኔታውን መመርመርና የእርዳታ ዕቅድ በጽሑፍ ማዘጋጀት አለበት። «ገንዘብ የለንም» ብሎ ማመልከቻ አልቀበልም ማለት አይችልም።

ሌላው የድጋፍ አገልግሎት ነው፤ ቤት ድረስ መጥቶ በዕዳ፣ በቢል፣ በደብዳቤ የሚያግዘው ሠራተኛ ማለት ነው። ከ2003 ጀምሮ ለዚህ ሥራ ብቻ የሚውል የመንግሥት ገንዘብ ነበር። በ2009 ግን ገደቡ ተነሳ፤ ካውንስሎች ገንዘቡን ለሌላም ማዋል ቻሉ። እኔ እንደማየው ትልቁ ጉዳት የጀመረው እዚያ ጋ ነው። በጀት ሲጠብ ቀድሞ የሚነካው ይሄ ሆነ።

ለምሳሌ አንዲት እናት የምትረዳት ሠራተኛ ቀረችባት እንበል። በዚያው ሰሞን አከራይዋ ልቀቂ አላት። ሠራተኛዋን ካውንስሉ እንዲመልስ ማስገደድ ይከብዳል። የቤት አልባነት ማመልከቻዋን ግን መቀበል ግዴታው ነው። ልጆቿን ይዛ ጎዳና ላይ ከወደቀች ደግሞ፣ ለእርዳታው ብቁ ትመስላለች ከተባለ፣ ጉዳይዋ እስኪጣራ ጊዜያዊ ማረፊያ ይሰጣታል።

እንደ ሰው የሚለያየው ብቁነቱ ነው፤ የመኖሪያ ፈቃድ ዓይነት ይወስነዋል። ድጋፉ ደግሞ ከካውንስል ካውንስል ይለያያል።

ብቁ አይደለሽም ከተባለች ውሳኔውን በጽሑፍ ትጠይቅ። እንደገና እንዲታይላት ለማመልከት 21 ቀን አላት።