ክፍት ኮድ እንጀራ ይሆናል?

ክፍት ኮድ ወይም “ነጻ ሶፍትዌር” ሲባል ብዙ ሰው “ያለ ክፍያ” ብሎ ይረዳዋል። “ነጻ” በአማርኛም ሁለት ትርጉም ስላለው ያምታታል። እዚህ ላይ ግን ኮዱን የማየት፣ የመቀየርና የማካፈል መብት ማለት ነው። መሸጥ አይከለከልም።

ኤምአይቲ የሚባለው ፈቃድ ለቀቅ ያለ ነው። ስማችሁንና የፈቃዱን ጽሑፍ እስካቆየ ድረስ ማንም ኮዳችሁን በተዘጋ ምርት ውስጥ አስገብቶ ይሸጣል፤ ለእናንተ ሰባራ ሳንቲም ላይደርስ ይችላል። ጂፒኤል የሚባለው ፈቃድ ግን በኮዳችሁ ላይ የተሠራ ፕሮግራም የሚያከፋፍል ሰው የራሱንም ኮድ በዚያው ፈቃድ እንዲከፍት ያስገድዳል።

እንጀራው ያለው እዚህ ጋ ነው። ኮዱን መክፈት የማይፈልግ ድርጅት ከባለቤቱ ሌላ ፈቃድ በገንዘብ ይገዛል። ማይኤስኪውኤል የተባለው የመረጃ ቋት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2000 ጂፒኤልን ከያዘ በኋላ እንዲህ ዓይነት ፈቃድ ይሸጥ ነበር።

አንድ ክፍተት አለ። ፕሮግራሙን ሳያከፋፍል ሰርቨር ላይ ጭኖ አገልግሎት ብቻ የሚሸጠውን የጂፒኤል ግዴታ አይነካውም። ኤጂፒኤል የሚባለው የጂፒኤል ዘመድ ፈቃድ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ሦስተኛ እትሙ፣ ይህን ይደፍናል፤ ኮዱን ቀይሮ በኔትወርክ አገልግሎት የሚሰጥም ለተጠቃሚዎቹ የቀየረውን ኮድ እንዲሰጥ ያዛል። የድር አገልግሎት ለሚሠራ ሰው እኔ የምመክረው እሱን ነው።

ከሌሎች ኮድ ስትቀበሉ ግን አደራ፣ ስምምነታቸውን በጽሑፍ ያዙ። አለዚያ የእነሱን ክፍል በሌላ ፈቃድ መሸጥ አትችሉም።