የሬቲና መላቀቅ ቀዶ ሕክምና፦ ውጤቱን የሚወስኑ ነገሮች፣ ከሐዋሳ ታካሚ አንጻር

ሬቲና፣ ማለትም ዓይንን ከውስጥ በኋላ በኩል የሸፈነው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚላቀቀው በተቀደደበት በኩል ፈሳሽ ከሥሩ ሲገባ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ቀዳዳውን አግኝቶ ዙሪያውን በሌዘር ወይም በቅዝቃዜ ያጣብቃል፤ ጠባሳው እስኪጠነክር ድረስም ከውስጥ በጋዝ ወይም በሲሊኮን ዘይት፣ አለዚያም ከውጭ በሲሊኮን ቀበቶ ይደግፈዋል።

«ተሳካ» ሲባል ግን ሐኪሙና ታካሚው የሚያስቡት አንድ ነገር አይደለም። ለሐኪሙ ሬቲናው ቦታው ላይ ከተለጠፈ በቂ ነው፤ ይህም ከ10 ዓይኖች በ8 ወይም በ9ኙ በመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ይገኛል። ታካሚው የሚፈልገው ማንበብና ፊት መለየት ነው፤ እሱ ደግሞ በማኩላ፣ ማለትም በሬቲናው መካከለኛ ቦታ፣ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ማኩላው ሳይላቀቅ ከተደረሰ ዕይታው ባለበት ሊተርፍ ይችላል፤ ስለዚህ ጉዳዩ የሰዓታት ነው። ከተላቀቀ በኋላም በ3 ቀን ውስጥ መጠገኑ ከሳምንት በኋላ ከመጠገኑ የተሻለ ነው። በሽታው ስለማያምም ብልጭታና ጥቁር ነጠብጣብ ያየ ሰው የመድኃኒት ቤት ጠብታ እየሞከረ ቀኑን ይፈጃል። መነሳት የሚገባው ግን እንደ መጋረጃ ያለ ጥላ ከጎን ሲመጣ ነው፤ የዕይታው መሃል ሲጠፋ ዘግይቷል።

መዘግየት ሌላም ጣጣ አለው፦ በሬቲናው ላይ ጠባሳ ያበቅላል። ጠባሳው ሲኮማተር የተለጠፈውን መልሶ ይገነጥላል፤ ቀዶ ሕክምናው የሚከሽፍበት ዋነኛ ምክንያትም ይኸው ነው። ብዙ ጊዜ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ስለሆነ «ደህና ነኝ» ብሎ ከቀጠሮ መቅረት አይገባም። የታች ቀዳዳ፣ ግዙፍ ቅዳድ፣ በዓይን ውስጥ የፈሰሰ ደምና የላላ የዓይን ግፊትም ውጤቱን ያከብዱታል።

አዲስ አበባ ታክሞ ለሚመለስ ሐዋሳዊ መንገዱ ራሱ ጉዳይ ነው። ጋዝ ከፍታ ሲጨምር ይሰፋል፣ ሲቀንስ ይኮማተራል። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ ናት። ከባቱ በኋላም መንገዱ አርሲ ነገሌ ላይ እንደገና 2,000 ገደማ ይወጣል። ጋዝ ያለው ሰው ለቀጠሮ ሲወጣ ዓይኑን ካመመው ወይም ካቅለሸለሸው የግፊት መጨመር ሊሆን ይችላል፤ በአስቸኳይ ይመርመር። አውሮፕላን ፈጽሞ አይሞከርም። ኤስኤፍ6 የሚባለው ጋዝ በ2 ሳምንት ገደማ፣ ሲ3ኤፍ8 በ2 ወር ገደማ ይጠፋል። ሲሊኮን ዘይት ከፍታ አይነካውም፤ ግን ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ በሌላ ቀዶ ሕክምና ይወጣል። ጋዙ ሳይጠፋ ለሌላ በሽታ ማደንዘዣ የሚወስድ ሰው ለሰመመን ባለሙያው አስቀድሞ መንገር አለበት፤ ናይትረስ ኦክሳይድ ጋዙን አሳብጦ ዓይኑን ሊያጠፋው ይችላል።