«ቬጅ» ማለት የጾም ማለት አይደለም፦ ስለ ደቡብ ህንድ ምግብ ቤት የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባንጋሎር ለትምህርት የሄድኩ ጊዜ የመጀመሪያው ጾሜ ፍልሰታ ነበር። ከማደሪያችን አጠገብ «ፒዩር ቬጅ» ብሎ በትልቁ የጻፈ ምግብ ቤት አገኘሁና ተመስገን አልኩ። ሥጋ የለ፣ እንቁላል የለ፣ ምን እፈልጋለሁ? ጠዋት ማታ ዶሳ የሚባለውን ስስ የሩዝ ቂጣ እበላ ጀመር። በሦስተኛው ቀን ጠረኑ አነቃኝ። አስተናጋጁን «ይቺ ላዩ ላይ የምታፈሷት ቢጫ ነገር ምንድን ናት?» አልኩት። «ጊ» አለኝ። የእኛው ንጥር ቅቤ!

ለሕክምና ቼናይ የሚሄዱ ዘመዶች፣ ዱባይ የሚሠሩ ጓደኞች፣ ብዙዎቹ እዚሁ ላይ ሲሳሳቱ አያለሁ። ምግቡ ከእኛ ጋር ስለሚመሳሰል የምናውቀው ይመስለናል።

«ቬጅ ከሆነ የጾም ነው»

አይደለም። ህንድ ውስጥ ቬጅ ማለት ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል የሌለበት ማለት ነው። ወተት፣ ቅቤና እርጎ ይገባሉ፤ እንዲያውም የወጥ ቤቱ ክብር ናቸው። የታሸገ ምግብ ላይ የምታዩት አረንጓዴ ነጥብም ትርጉሙ ይኸው ነው። ወተት ያለበት ብስኩት ያቺን ነጥብ ይዞ ይሸጣል።

ለጾመኛ ግን የሚበላ ሞልቷል። ኢድሊ በእንፋሎት የሚበስል የሩዝና የጥራጥሬ ሊጥ ነው፤ ላዩ ላይ ጊ እንዳያደርጉበት ብቻ ንገሯቸው። ቫዳ በዘይት የተጠበሰ የጥራጥሬ ሊጥ ነው። ዶሳ በዘይት እንዲጋግሩላችሁ ጠይቁ። ማጥቀሻው የኮኮናት ቻትኒ አንዳንድ ቤት እርጎ ይገባበታል፣ ሳምባር የሚባለው የጥራጥሬና የአትክልት ወጥም በጊ ሊቁላላ ይችላል፤ ሳትጠይቁ አትንኩ። ባንጋሎር ከሆናችሁ «ቱፓ ቤዳ» በሉ፣ ቼናይ ከሆናችሁ «ነይ ቬንዳም»። ሁለቱም «ጊ አልፈልግም» ነው። ይቺን ሐረግ በቃል መያዝ እኔን ብዙ ጾም አሻግራኛለች።

«ደቡብ ህንዶች ሥጋ አይበሉም»

ይበላሉ፣ ያውም በደንብ። የህንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2014 ባደረገው የናሙና ጥናት፣ ቼናይ ባለችበት ክፍለ ግዛት በታሚል ናዱ ውስጥ ከ100 ሰው 97 ያህሉ ሥጋ፣ ዓሣ ወይም እንቁላል እንደሚበሉ ታውቋል። ሥጋ የማይበላው ሕዝብ የሚበዛው በሰሜንና በምዕራብ በኩል ነው፤ ራጃስታን ለምሳሌ። ሥጋ የሌለው የደቡብ ምግብ ቤት ስሙን ካገኘባቸው ቦታዎች ዋናዋ ኡዱፒ ናት። ባንጋሎር ባለችበት ክፍለ ግዛት በካርናታካ የባሕር ጠረፍ ያለች፣ ክሪሽና ለሚባለው የሂንዱ አምላክ በተሠራው ቤተ መቅደሷ የታወቀች ከተማ ናት። የቤተ መቅደሱን አበሳሰል የሚያውቁ ሰዎች ወደ ትልልቅ ከተሞች ወጥተው ምግብ ቤት ከፈቱ። ዛሬም «ኡዱፒ» የሚል ስም በር ላይ ካያችሁ ብዙ ጊዜ ሥጋ የለም ማለት ነው።

«ዶሳ የህንዶች እንጀራ ነው»

ይቺን አበሻ ሁሉ ይላታል፣ እኔም ብዬአታለሁ። ሁለቱም ይቦካሉ፣ ሁለቱም ምጣድ ላይ ይጋገራሉ። ከዚያ በኋላ ግን መንገዳቸው ይለያያል።

የዶሳ ሊጥ ሩዝና ኡራድ የሚባል ጥራጥሬ ነው። ተነክሮ፣ ተፈጭቶ፣ አንድ ሌሊት ያድራል። እርሾ አይጨመርበትም፤ ከእህሉ ጋር ያለው ተህዋስ ራሱ ያቦካዋል። ብዙ ሰው ሲነክር ጥቂት አብሽ ጣል ያደርጋል፤ ይህን ሳይ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። እኛ እንጀራ ስንጋግር ከምጣዱ ዳር ጀምረን ወደ መሃል እናዞራለን። እነሱ መሃል ላይ አፍስሰው በጭልፋው ጀርባ ወደ ዳር ይገፉታል። አክንባሎ የለም፣ ዓይንም አይጠበቅም። ሥሩ ቀልቶ እስኪደርቅ ይቆያል፣ ተጠቅልሎ ይመጣል፣ ወዲያው ይበላል። ዶሳ እንደ እንጀራ ቆይቶ አያምርም፤ ወሬ ስታወሩ ከቀዘቀዘ ጣዕሙ አለቀ። ወጥ እንደምናፈስበትም ሳምባሩን አታፍሱበት፣ እየቆረሳችሁ አጥቅሱ። ለእንጀራ የሚቀርብ ዘመድ ካማራችሁ ኬረላ በሚባለው የደቡብ ክፍለ ግዛት የሚጋገረውን አፓም ሞክሩ፤ ለስላሳና ዓይናማ ነው።

ስንዴ የማይስማማው ሰው ደግሞ ይጠንቀቅ። ራቫ ዶሳ ከስንዴ ነው የሚሠራው። ሳምባር ውስጥ የሚገባው ሂንግ የሚባል ቅመምም ብዙ ጊዜ በስንዴ ዱቄት ተደባልቆ ነው የሚሸጠው።

«ሁሉም ያቃጥላል»

በበርበሬ ላደገ ሰው ይህ ሥጋት አይሆንም። ኢድሊ ጨርሶ አያቃጥልም፣ እርጎ ሩዝም እንደዚያው። ራሳም የሚባለው ቀጭን ሾርባ ጉሮሮ ላይ የሚቆነጥጠው በቁንዶ በርበሬ ነው።

«ተካፍለን እንብላ»

ሜኑ ላይ «ሚልስ» የሚል ካያችሁ የአንድ ሰው ሙሉ ማዕድ ነው። በባህሉ የሚቀርበው በሙዝ ቅጠል ላይ ነው፤ ኮባ ላይ የተጋገረ ዳቦ ለሚያውቅ ሰው ሽታው እንግዳ አይሆንም። ሩዙ መጀመሪያ በሳምባር፣ ቀጥሎ በራሳም፣ መጨረሻ በእርጎ ይበላል። ብዙ ቤት እስክትጠግቡ ይጨምሩላችኋል። አስተናጋጁ ባልዲውን ይዞ ሲመጣ በቃኝ ካላችሁ እጃችሁን ቅጠሉ ላይ ዘርጉ።

በቀኝ እጅ መብላቱ ያመሳስለናል። አንድ ሳህን ዙሪያ መቀመጡ ግን የለም። አፍ የነካው እጅ ወይም ሳህን ለሌላ ሰው እንደ ረከሰ ይቆጠራል። ውሃ እንኳን ብዙዎች ከንፈራቸውን ሳያስነኩ ከላይ ነው የሚያንቆረቁሩት። ስለዚህ ጉርሻ ለማያውቃችሁ ሰው አትዘርጉ። የክፍል ጓደኛዬን ላጎርሰው ስል ፊቱ እንዴት እንደተለወጠ አሁንም ትዝ ይለኛል። ፍቅር መሆኑን ካስረዳሁት በኋላ ራሱ መጥቶ አጉርሰኝ አለኝ።

«ህንዶች ሻይ እንጂ ቡና አያውቁም»

ደቡብ ላይ ቡና ነው የሚነግሠው። በአፈ ታሪካቸው ባባ ቡዳን የሚባል ሱፊ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከየመን ሰባት የቡና ፍሬ ደብቆ አምጥቶ ቺክማጋሉር ተራራ ላይ ተከለ። የመን ቡናውን ከየት እንዳገኘች ለእኛ አይነገረንም። እነሱ ቡናውን በብረት ማጥለያ ጠብ ጠብ አድርገው ያወጡታል፣ ብዙ ጊዜ ቺኮሪ የሚባል የተቆላ ሥር ይደባልቁበታል፣ ከዚያ በትኩስ ወተት ይሞሉታል። ከብረት ብርጭቆ ወደ ብረት ሳህን ከፍ አድርገው እየገለበጡ አረፋ ያስወጡታል። ጾም ላይ ከሆናችሁ ያለ ወተት እዘዙ፤ ጠንከር ስለሚል ሙቅ ውሃ ያክሉበት።