የደጋን ብቃት ምንድን ነው?

የደጋን ብቃት ማለት ቀስተኛው አውታሩን ሲስብ ካዋለው ጉልበት ውስጥ ምን ያህሉ ወደ ፍላጻው እንደሚደርስ የሚገልጽ ልኬት ነው። ብዙ ሰው ግን ደጋንን የሚመዝነው በስበት ክብደቱ፣ ማለትም አውታሩን እስከ መጨረሻው ለመሳብ በሚጠይቀው ኃይል ብቻ ነው። የስበት ክብደት ስለ ቀስተኛው ትከሻ የሚናገረው ብዙ ሲሆን ስለ ሠሪው ሙያ የሚናገረው ግን ጥቂት ነው፤ የስበት ክብደታቸው እኩል የሆነ ሁለት ደጋኖች አንድ ዓይነት ፍላጻ በተለያየ ፍጥነት ሊወረውሩ ይችላሉና።

ልኬቱ የሚጀምረው በደጋኑ ውስጥ የሚጠራቀመውን ጉልበት በማወቅ ነው። ደጋኑ በመያዣው በኩል በእንጨት ላይ ይደገፋል፣ አውታሩ በሚንጠለጠል ሚዛን ቀስ እያለ ይሳባል፣ በየጥቂት ሴንቲ ሜትሩ የሚነበበው ኃይል ይመዘገብና በወረቀት ላይ በመስመር ይሳላል። ከመስመሩ በታች ያለው ስፋት የተጠራቀመው ጉልበት ነው። ለምሳሌ አውታሩ ከመያዣው 71 ሴንቲ ሜትር እስኪርቅ ሲሳብ የስበት ክብደቱ 20 ኪሎ የሆነ ደጋን አለ እንበል። አውታሩ ከማረፊያው የሚጓዘው 56 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና ኃይሉ ከዜሮ ተነሥቶ በእኩል እርምጃ ቢጨምር የሚጠራቀመው ጉልበት 55 ጁል (የጉልበት መለኪያ) ያህል ይሆናል። ይህ ደጋን 32 ግራም የሚመዝን ፍላጻን በሴኮንድ 47 ሜትር ቢወረውር ፍላጻው የወሰደው 35 ጁል ነው፤ ብቃቱም 64 በመቶ ገደማ ነው ማለት ነው።

የቀረው 20 ጁል በአብዛኛው ከፍላጻው ጋር ወደ ፊት በተወረወሩት የደጋኑ ክንዶች፣ ማለትም ከመያዣው ወደ ሁለቱ ጫፎች በሚዘረጉት ክፍሎች፣ እና በአውታሩ ውስጥ ይቀራል፤ ከፊሉም በእንጨቱ የውስጥ ፍትጊያ ይባክናል። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ፖል ክሎፕስቴግ ይህን ኪሳራ ከፍላጻው ጋር በፍላጻው ፍጥነት እንደሚበር ተጨማሪ ክብደት አድርጎ ማስላት እንደሚቻል አሳይቷል። በምሳሌያችን ይህ ምናባዊ ክብደት 18 ግራም ገደማ ነው። ለአንድ ደጋን ምናባዊው ክብደት ብዙም ስለማይለዋወጥ 50 ግራም የሚመዝን ፍላጻ ቢጫን ፍጥነቱ በሴኮንድ ወደ 40 ሜትር ይወርዳል፣ የሚወስደው ጉልበት ግን ወደ 40 ጁል ከፍ ይላል። ደጋንን ያለ ፍላጻ መልቀቅ የሚከለከለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የሚሸከመው ፍላጻ ያጣው ጉልበት ሁሉ ወደ ክንዶቹ ይመለስና ደጋኑን ሊሰብረው ይችላል።

ስለዚህ ሠሪው የሚታገለው ከሁለት ነገሮች ጋር ነው። የመጀመሪያው በጫፎቹ ላይ ያለው ክብደት ነው። ከመያዣው አጠገብ ያለው እንጨት ብዙም የማይንቀሳቀስ ሲሆን ጫፎቹ ግን እጅግ ይፈጥናሉ፤ በጫፍ ላይ የተረፈ አንድ ግራም በመያዣው አጠገብ ከተረፉ ብዙ ግራሞች የበለጠ ያስከፍላል። በዴንማርክ ሆልመጎር ረግረግ የተገኙትና 9,000 ዓመት ገደማ የሆናቸው ኤልም ከሚባል ዛፍ እንጨት የተሠሩ ደጋኖች ሰፊ ክንዶቻቸው ወደ ጫፍ እየጠበቡ ይሄዳሉ፤ የሠሪዎቻቸውን ሐሳብ ማወቅ ባይቻልም ቅርጹ ግን ከዚህ ስሌት ጋር ይስማማል።

ሁለተኛው ቋሚ ጉብጠት ነው፤ ከልኬቶች ሁሉ እኔ የማስቀድመውም ይህን ነው። ደጋን ሲሳብ በዒላማው በኩል ያለው ጀርባው ይለጠጣል፣ በቀስተኛው በኩል ያለው ሆዱ ይታመቃል። ብዙ እንጨቶች ከመለጠጥ ይልቅ በመታመቅ ቶሎ ስለሚሸነፉ ሆዱ ከአቅሙ በላይ ሲታመቅ ቃጫዎቹ ይደቃሉ፣ ደጋኑም አውታሩ ከወለቀ በኋላ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ሳይመለስ ጎብጦ ይቀራል። የዚህ ጉዳት በመጨረሻው የስበት ክብደት ላይ ላይታይ ይችላል፤ የሚታየው በመስመሩ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ደጋኑ ገና ሲሳብ ይለሰልሳል፣ ከመስመሩ በታች ያለው ስፋትም ይቀንሳል። አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ጉብጠት መልካም ሥራ ነው፤ ሰባት ስምንት ሴንቲ ሜትር ከሆነ ግን እንጨቱ ተጎድቷል።

መከላከያው የሚጀምረው ከእንጨት ምርጫ ነው። ዩው የሚባለው የአውሮፓ ዛፍ የተወደደው ነጣ ያለው የውጭ እንጨቱ መለጠጥን፣ ቀላ ያለው ውስጡ ደግሞ መታመቅን ስለሚችል ነው፤ በ1545 በሰጠመችውና በ1982 ከባሕር በወጣችው ሜሪ ሮዝ በተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ውስጥ ከ130 በላይ የዩው ደጋኖች ተገኝተዋል። እንጨቱ በሚገባ መድረቅ አለበት፤ ርጥበት ያለው እንጨት በቀላሉ ጎብጦ ይቀራልና። በጀርባው በኩል የቃጫው መስመር ሳይቆረጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ መዝለቅ ይኖርበታል፤ የተቆረጠ ቃጫ የስብራት መነሻ ነው።

ከዚያ የሚከተለው ክንዶቹን እያስጎነበሱ የመፋቅ ሥራ ትዕግሥትን ይጠይቃል። የክንዱ ስፋት በአንድ አስረኛ ቢቀነስ ግትርነቱ በአንድ አስረኛ ብቻ ይወርዳል፤ ውፍረቱ በዚያው መጠን ቢቀነስ ግን ግትርነቱ ከሩብ በላይ ይወርዳል። በመላጊያ ወይም በሞረድ ጥቂት መግፋት የሚበቃው ለዚህ ነው። ሠሪው ክንዱ ያልጎበጠበትን ቦታ ብቻ ይፍቃል፣ ከመጠን በላይ የጎበጠውን አይነካውም፣ ሁለቱ ክንዶች እስኪመጣጠኑም ድረስ ደጋኑን ካሰበው የስበት ክብደት በላይ አይስበውም። ጫናው በአንድ ቦታ ከተከማቸ ያ ቦታ ይደቃል፣ የተቀረው ክንድ ደግሞ ሥራ ፈት ሸክም ይሆናል።

ደጋኖችን በፍጥነት ማወዳደር የሚቻለው የስበት ርዝመታቸው እኩል ሲሆንና የፍላጻው ክብደት ከስበት ክብደቱ ጋር ሲመጣጠን ነው፤ ብዙዎች ለእያንዳንዱ ኪሎ 1.4 ግራም ያህል ይይዛሉ። ልኬቱም ደጋኑ በብዙ ፍላጻ ከተፈተነና ጉብጠቱ ከረጋ በኋላ ቢወሰድ ይሻላል፤ ገና ከሠሪው እጅ የወጣ ደጋን የሚያሳየው ፍጥነት ሁልጊዜ አብሮት አይቆይም።