የራስ ግንዛቤ ምንድን ነው? «ሒሳብ ጭንቅላቴ አይቀበልም» የሚለውን ተማሪ ለመረዳት

የሒሳብ ፈተና ወረቀት ተመልሷል። ሁልጊዜ ከ20 ስድስትና ሰባት የሚያገኝ ልጅ ዛሬ 15 አምጥቷል። ጓደኛው ሲያደንቀው ወረቀቱን አጥፎ ደብተሩ ውስጥ እየከተተ «ቀላል ነበር እኮ፤ ሁሉም ሠርቶታል» ይላል። ባለፈው 6 ሲያገኝ ግን «ፈተናው ከባድ ነበር» አላለም። ያለው «ሒሳብ ጭንቅላቴ አይቀበልም» ነው።

ይህ ልጅ ስለ ራሱ የያዘው ሥዕል አለ። ከሥዕሉ ጋር የሚገጥመውን ውጤት ያለ ጥያቄ ይቀበላል፤ የማይገጥመውን ሰበብ ፈልጎ ይሸኘዋል። የራስ ግንዛቤ የሚባለው ይህ ሥዕል ነው፦ «ማን ነኝ? ምን እችላለሁ? ምን ያቅተኛል?» ለሚለው ጥያቄ ሰው በውስጡ ያኖረው መልስ። ለራስ ከሚሰጥ ግምት ጋር ብዙ ጊዜ ይምታታል። «ሥዕል መሣል እችላለሁ፣ ሰው ፊት መናገር ያስፈራኛል» ማለት የራስ ግንዛቤ ነው፤ በዚህ ምክንያት ራስን መውደድ ወይም መናቅ ደግሞ ግምቱ ነው።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ፕሬስኮት ሌኪ እ.ኤ.አ. በ1945፣ ከሞተ በኋላ በታተመ ሥራው፣ ቃላት ሲጽፉ ፊደል የሚሳሳቱ ተማሪዎችን ያነሳል። ጽሑፉ ቢቀልም ቢከብድም በየገጹ የሚሳሳቱት ቃል ቁጥር ተቀራራቢ ነበር። እንደ ሌኪ አባባል፣ ችግሩ ያለው «እኔ ፊደል የማላውቅ ነኝ» ከሚለው እምነት ላይ ነው፤ ተማሪው ሳያውቀው ለእምነቱ ይታመናል።

የራስ ግንዛቤን የሥራው እምብርት ያደረገው ግን ሌላው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ካርል ሮጀርስ ነው። እሱና አብርሃም ማስሎው ስማቸው የሚነሳበት ሰብአዊ ሥነ ልቦና «ሦስተኛው ኃይል» ይባል ነበር፤ ሰውን በድብቅ ፍላጎቱ ከሚያዩት የፍሮይድ ተከታዮችና በሽልማትና በቅጣት ከሚያስረዱት ባሕርይ አጥኚዎች ቀጥሎ የመጣ ስለሆነ። ሮጀርስ እንደሚለው ልጅ ተቀባይነት ይራባል። ተቀባይነቱ በቅድመ ሁኔታ ከመጣ ልጁ ቅድመ ሁኔታውን የራሱ መለኪያ ያደርገዋል። «አንደኛ ካልወጣህ አልወድህም» የሚል ወላጅ አይገኝም፤ ካርድ ሲታይ የሚጠቁር ፊት ግን ያንኑ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1969 ስለ ትምህርት ባሳተመው መጽሐፍ ሮጀርስ ከአስተማሪ ሦስት ነገር ይጠብቃል፦ ሳያስመስል ራሱን እንዲሆን፣ ተማሪውን እንዳለ እንዲቀበል፣ ነገሩን በተማሪው ዓይን እንዲያይ። የመጨረሻው ይመስለኛል ከሁሉም የሚከብደው፤ ለሚያውቀው ሰው አለማወቅን ማስታወስ ቀላል አይደለም።

የኋላ ተመራማሪዎች ሥዕሉ አንድ ብቻ እንዳልሆነ አሳይተዋል። ኸርበርት ማርሽ እንዳገኘው ተማሪ የሒሳብ ችሎታውን ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ብቻ ሳይሆን ከራሱ የቋንቋ ችሎታ ጋርም ያወዳድራል። በቋንቋ በጣም ጎበዝ የሆነች ልጅ በሒሳብ ከብዙዎች ብትበልጥም «ሒሳብ የእኔ አይደለም» ልትል ትችላለች። ተመርጠው በገቡ ጎበዞች መካከል የተቀመጠ ተማሪም ችሎታው ሳይቀንስ ራሱን አሳንሶ ማየት ይጀምራል።

ታዲያ ልጁን «ጎበዝ ነህ» ማለት ይበቃል? እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የካሊፎርኒያ ግዛት ለራስ የሚሰጥ ግምትን የሚያሳድግ ግብረ ኃይል እስከማቋቋም ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የሮይ ባውማይስተርና የባልደረቦቹ ግምገማ ግን ግምትን ብቻ ከፍ ማድረግ የትምህርት ውጤትን ያሻሽላል የሚል ማስረጃ አላገኘም። አያስደንቅም፤ 15ቱን በሰበብ የሸኘ ልጅ ባዶ ሙገሳን ለመሸኘት ምን ያግደዋል? ግንዛቤና ውጤት እየተመላለሱ ነው የሚገነባቡት፤ ስለዚህ ሥዕሉን የሚነካው ልጁ ሊክደው የማይችል፣ የራሱ የሆነ ሥራ ነው።

አስተማሪው ወረቀቱን አስወጥቶ «ሦስተኛውን ጥያቄ እንዴት ሠራኸው?» ይለዋል። ልጁ «በግምት» ይላል። አስተማሪው ዝም ብሎ ይጠብቃል። ልጁ ከሁለተኛው መስመር ላይ ጣቱን ያሳርፍና «መጀመሪያ ይቺን ወደዚህ አሻገርኳት» ብሎ ይጀምራል።