ኤች አይ ቪ በኢትዮጵያ፦ የት አለ? እንዴትስ ይገታል?

በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት አሥርት ዓመታት በሽታው ከተሞችን ክፉኛ መታ። የዕድር ድንኳን አንዱ ጋ ሳይነቀል ሌላው ጋ ይተከል ነበር። ስንቱ ልጅ አያቱ ጋ አደገ።

ዛሬ ከ100 አዋቂ አንድ ሰው ገደማ ቫይረሱ በደሙ አለ ይባላል። ይህ አኃዝ ብቻውን ያዘናጋል። የ2008 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አገር አቀፉ ስርጭት 0.9 በመቶ መሆኑን አሳይቷል። ዘርዘር ሲደረግ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ገጠር 0.4፣ ከተማ 2.9፣ አዲስ አበባ 3.4፣ ጋምቤላ 4.8 በመቶ። ሴቶች ላይ ደግሞ የወንዶቹን እጥፍ ነው። በወሲብ ንግድ የሚተዳደሩ ሴቶች፣ የረጅም ርቀት ሾፌሮች፣ የሕግ ታራሚዎች፣ በትልልቅ እርሻዎች ላይ የሚሠሩ የቀን ሠራተኞች ይበልጥ ተጋላጭ ናቸው። የመከላከል ሥራው መድረስ ያለበትም እነሱ ጋ ነው። በአማካይ ቁጥር መጽናናት እነዚህን ወገኖች መርሳት ነው።

መተላለፊያው አልተለወጠም፦ ያለ ኮንዶም የሚደረግ ግንኙነት፣ በደም የተበከለ ስለት ወይም መርፌ፣ እንዲሁም ከእናት ወደ ልጅ በእርግዝና፣ በወሊድና በጡት ማጥባት። አንድ መሶብ ቀርቦ መብላትና ተቃቅፎ መሳሳም አያስተላልፍም።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በመድኃኒት ነው። መጀመሪያ በክፍያ ነበር፤ ከጥር 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ነፃ ሆነ። ነፃ መሆኑ ብቻውን ግን አልበቃም። እንጦጦ ማርያም ጸበል ለመጠመቅ የመጡ ብዙ ሕሙማን አካባቢው ላይ ቤት ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ጸበል የያዘ ሰው ክኒን መዋጥ የለበትም ብለው ያመኑ ነበሩ፤ መድኃኒቱን ያቆሙም ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም አብረው እንደሚወሰዱ በአደባባይ ተናገሩ። ለምእመኑ ይህ ከማንኛውም ፖስተር በላይ ነው ብዬ አምናለሁ። አብያተ ክርስቲያናት ለጋብቻ የሚመጡ ጥንዶችን የምርመራ ወረቀት መጠየቃቸውም ብዙ ወጣት ወደ ጤና ጣቢያ መርቷል።

መድኃኒቱ የሚጠቅመው የሚውጠውን ሰው ብቻ አይደለም። በየቀኑ ሳያቋርጥ የሚወስድ ሰው ደሙ ውስጥ ያለው ቫይረስ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ይወርዳል። ያኔ በግንኙነት ለፍቅረኛው ወይም ለትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም። ለእናትም እንዲሁ ነው። ካልታከመች ልጇ የመያዙ ዕድል ከ15 እስከ 45 በመቶ ይደርሳል፤ በአግባቡ ስትታከም ግን ከ5 በመቶ በታች ይሆናል። ነፍሰ ጡር በቅድመ ወሊድ ክትትል የምትመረመረው ለዚህ ነው።

አደጋው መድኃኒቱ ሲቋረጥ ነው። በሰሜኑ ጦርነት ወቅት ብዙ ታካሚ ከጤና ተቋሙ ጋር ተቆራርጧል። በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ስታግድ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ። የአገሪቱ የኤች አይ ቪ አገልግሎት ለዓመታት የተደገፈው ባብዛኛው በውጭ ገንዘብ ነው፤ ይህ ሊያሳስበን ይገባል።

ለቫይረሱ ተጋልጫለሁ ብሎ የሚሰጋ ሰው፣ የተደፈረች ሴትም ትሁን መርፌ የወጋው ሐኪም፣ ቶሎ ጤና ተቋም መድረስ አለበት። ከ72 ሰዓት በፊት የሚጀመርና ለ28 ቀናት የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት አለ። 72 ሰዓቱ ካለፈ አይሠራም።