ቬርሚኮምፖስት ምንድን ነው? ከልጆች ጋር ትል ማርባት

ቬርሚኮምፖስት በትል የሚዘጋጅ የተፈጥሮ ማዳበሪያ ነው። ትሎቹ የወጥ ቤት ትርፍራፊና እበት ይበላሉ፤ ከሆዳቸው የሚወጣው ጥቁርና ፍርክስክስ ያለ ነገር ለተክል ምግብ ይሆናል። አገራችን ውስጥ የግብርና ባለሙያዎች ለገበሬው የሚያስተዋውቁት በትልቁ ነው። እዚህ የማወራው ግን በረንዳ ላይ ከልጆች ጋር ስለሚሠራው ትንሽ ሳጥን ነው።

መጀመሪያ የወላጆችን ስጋት እናንሳ። ትል ሲባል ብዙ ሰው ወስፋት ይመጣበታል። ሁለቱ አይገናኙም። ወስፋት ሰው አንጀት ውስጥ የሚኖር ጥገኛ ነው፤ ይሄኛው ሰው ሆድ ውስጥ መኖር አይችልም። ቢሆንም አፈርና እበት የነካ እጅ በሳሙና ይታጠባል። እዚህ ላይ ድርድር የለም።

ትሉ ከጓሮ ተቆፍሮ የሚወጣው ዓይነት አይደለም። የሚፈለገው አይሴንያ ፌቲዳ የሚባለው ቀይ ትል ነው። ቬርሚኮምፖስት ከሚያዘጋጁ ሰዎች ወይም ከግብርና ምርምር ማዕከላት ጠይቁ። ይህ ትል ወደ ታች ጠልቆ አይገባም፤ ኑሮው ከላይ ከላይ ነው። ስለዚህ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ክዳናም የፕላስቲክ ሳጥን ይበቃል። ትል የሚተነፍሰው በቆዳው ስለሆነ ጎንና ጎኑን፣ ውሃ እንዲወርድም ከሥሩ ብሱት። መብሳቱ የአዋቂ ሥራ ነው።

ልጆቹ ጋዜጣና ካርቶን ይቅደዱ። ይህን ሥራ ማንም ልጅ እምቢ አይልም። ወረቀቱን አርሱና አንድ እፍኝ አፈር ጨምሩበት፤ ትል ጥርስ ስለሌለው ምግቡን የሚፈጨው በዋጠው ደቃቅ አሸዋ ነው። እርጥበቱ ልክ መሆኑን ለማወቅ ወረቀቱን ጨምቁት። አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣው በቂ ነው፤ ከወረደ በዝቷል።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ እንምጣ። ልጅ የሚወደውን እንስሳ ማብላት አይጠግብም። የትል ሳጥን ደግሞ በብዛት የሚበላሸው ከልክ በላይ በሚገባ ምግብ ነው። ያልተበላው ይበሰብስና ይሸታል፣ ዝንብ ይወርረዋል፣ እናትም «አውጡልኝ!» ትላለች። ስለዚህ ሕግ አውጡ፦ የበፊቱ ሳያልቅ አዲስ አይጨመርም። ማለቁን ቆፍሮ የሚያየው ልጁ ነው፤ የሚፈቅደውም እሱ ይሁን። የድንችና የካሮት ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የሙዝ ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ ተፈጭቶ የደቀቀ የእንቁላል ቅርፊት ይሆናል። ወጥ ግን በፍጹም፤ ጨው፣ ዘይትና በርበሬ አለበት። ሥጋና ወተትም አይገባም፤ ሎሚና ሽንኩርት ባይበዛ ይሻላል። ምግቡን ወረቀቱ ሥር ቅበሩት። ከሸተተ ምግብ አቁሙና ደረቅ ካርቶን ጨምሩ። ጉንዳን ከመጣ ደግሞ ደርቋል ማለት ነው።

ለትሉ የሚመቸው ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። አዲስ አበባ ጥላ ሥር ከሆነ ችግር የለም፤ ድሬዳዋ ላይ ግን ቀዝቃዛ ጥግ መፈለግ ግድ ነው። ዶሮ ካላችሁ ክዳኑን አጥብቁ።

ለልጆች ጥሩ ሙከራ ትቶልን ያለፈው እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ቻርልስ ዳርዊን ነው። ትል ያለበትን ማሰሮ ፒያኖ አጠገብ አስቀምጦ ቢያስመታ፣ ትሎቹ ንቅንቅ አላሉም። ማሰሮውን ፒያኖው ላይ አድርጎ ቁልፉን ሲነካ ግን ወደ ጉድጓዳቸው ጥልቅ አሉ። ጆሮ የላቸውም፤ ንዝረት ግን ይሰማቸዋል። ፒያኖ ባይኖር የከበሮ ቆዳ አለ፤ ልጆቹ በስሱ ይሞክሩት።

ከሦስት አራት ወር በኋላ ብዙው ጠቁሯል። ላስቲክ አንጥፉና ብርሃን ላይ ከምሩት። ትል ብርሃን ስለማይወድ ወደ ታች ይሸሻል፤ እናንተ ከላይ ከላይ እየገፈፋችሁ ትወስዳላችሁ። ስትገፍፉ ከጤፍ ተለቅ፣ ከምስር አነስ ያለ ቢጫ ፍሬ ነገር ካያችሁ እንቁላል የያዘ ከረጢት ነው። ከአንዱ ከሁለት እስከ አምስት ትል ሊፈለፈል ይችላል። የሕፃን ዓይን ይህን ከእኛ ቀድሞ ያያል፤ እየለቀሙ ወደ ሳጥኑ ይመልሱት። ማዳበሪያውን አንድ እጅ ለአራት እጅ አፈር ቀላቅላችሁ ጎመን ወይም ጤና አዳም ትከሉበት።